«እንስሳ እወዳለሁ» የሚሉት ነገር

በአገራችን እንደ «እወዳለሁ» የረከሰ ቃል የለም። አገሩን የማይወድ የለም፤ ሰላም የማይወድ የለም፤ እውነት የማይወድ የለም። አሁን አሁን ደግሞ አዲስ ፍቅር መጥቷል። የእንስሳ ፍቅር! «እኔኮ እንስሳ ነፍሴ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ወዲያው የምወረውራት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። «ቀን ቀን ቤትህ ማን ይውላል?» እለዋለሁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ማንም» ነው። እሱ ሥራ፣ እሷ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። ታዲያ ያ ነፍስ የሆነው እንስሳ ከማን ጋር ነው የሚውለው? ከሰንሰለቱ ጋር!

የዛሬው ጭቅጭቄ ከዚህ ፍቅር ጋር ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል። እንስሳ የሚመረጠው በልብ ሳይሆን በቤት ነው። ቤት ስል ግድግዳና ጣሪያ ማለቴ ብቻ አይደለም። ግቢው፣ ጎረቤቱ፣ ኪሱ፣ ሰዓቱ፣ እምነቱ፣ ዝናቡ፣ የሕፃኑ ዕድሜ፣ የአከራዩ ጠባይ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው ቤት የሚባለው። ይህን ሳይመረምር እንስሳ የሚያመጣ ሰው እንስሳውን አልወደደም። ራሱን ነው የወደደው። እንስሳው መስተዋት ነው።

ነገሩን ከቦንጋ ልጀምረው፤ ምክንያቱም ቦንጋ ላይ ሦስቱንም ዓይነት ሰው ባንድ ቀን ማየት ይቻላል። እንስሳን ለሥራ የሚይዘውን፣ ለክብር የሚይዘውንና ለገበያ የሚይዘውን። ከተማዋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት። መንገዱም ቤቱም ቢሮውም እየበዛ ነው። ከከተማዋ ወጣ ካላችሁ ደግሞ ጫካው ይቀበላችኋል፤ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ የመዘገበው የካፋ ጫካ። ጫካና ከተማ እንዲህ ትከሻ ለትከሻ በቆሙበት ቦታ የቤት እንስሳና የዱር እንስሳ ድንበሩ ይሳሳል። ድንበሩ የሳሳ ዕለት ደግሞ የሰው ልጅ ማንነቱ ይታያል።

መጀመሪያ ለሥራ ወደሚይዘው እንሂድ። ጊምቦ ወረዳ ውስጥ አንድ አዛውንት ገበሬ ማሳቸው ዳር አግኝቼ ስለ ውሻቸው ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ይህን ውሻ እንዴት መረጡት?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ውሻ ይመረጣል እንዴ? እኔ የመረጥኩት በቆሎ መዝራቱን ነው። በቆሎ ከዘራህ ዝንጀሮ ይመጣል። ዝንጀሮ ከመጣ ውሻ ያስፈልጋል።»

ለስንት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ «የልብ ወለድ ሴራ በምክንያትና በውጤት የተሳሰረ መሆን አለበት» ስል ኖሬአለሁ። እንዲህ ያማረ ምሳሌ ግን ከየትም መጽሐፍ አላገኘሁም። በሦስት ዓረፍተ ነገር ሙሉ ፍልስፍና! የእኒህ ሰው ውሻ ከቤታቸው ፍላጎት የበቀለ ነው። ቀን ከዝንጀሮና ከጦጣ፣ ማታ ከከርከሮና ከጃርት ይፋለማል። አይታሰርም፤ ቢታሰር ሥራው ምን ሊሆን? ቀጭን ነው፣ ፀጉሩ አጭር ነው፣ የቤቱን ትራፊ በልቶ ያድራል፣ የካፋን ዝናብ ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ፈረንጅ «ዝርያ» ብሎ ወረቀት አልጻፈለትም እንጂ ለዚያ ቤት ከእሱ የተሻለ ውሻ በዓለም ላይ የለም።

ሽማግሌውን ግን መልአክ አላደርጋቸውም። «አባባ፣ ክትባትስ?» ብዬ ስጠይቃቸው ዝም ብለው አዩኝና «ለውሻ?» አሉኝ። ይህቺን «ለውሻ?» የምትል ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ደግሞ ለክብር የሚይዘውን እንይ። ይሄኛውን ለማየት ቦንጋ ድረስ መድከም አያስፈልግም፤ አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም ሞልቷል። አዲስ ቤት ይሠራል፣ የብረት በር ይገጠማል፣ በበሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ!» የሚል ሰሌዳ ይሰቀላል። ከዚያ ለሰሌዳው የሚሆን ውሻ ይፈለጋል። ልብ በሉ፤ ውሻው ለቤቱ አይደለም የሚፈለገው፣ ለሰሌዳው ነው! መቼም ሰሌዳው በሀበሻ ውሻ አይከብርም። ስለዚህ የጀርመን ውሻ ይመጣል።

የጀርመን ውሻ የሚባለው ምንድነው? እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የጀርመን የጦር መኮንን በጎች ከሚጠብቁ የገጠር ውሾች መርጦ ያስመዘገበው ዝርያ ነው። ወንዱ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። የተፈጠረው ቀኑን ሙሉ ከመንጋ ጋር ሲሮጥ እንዲውል ነው። ብልህ ነው፤ ሥራ ይፈልጋል፤ ከጌታው ጋር መዋል ይፈልጋል። እኛ ምን አደረግነው? የበግ እረኛውን ወስደን አራት በአራት በሆነ ግቢ ውስጥ ሁለት ሜትር ሰንሰለት ላይ አሰርነው። ድርብ ፀጉር የለበሰውን እንስሳ ሰኔና ሐምሌ በማያባራ ዝናብ ከቆርቆሮ ሥር አበሰበስነው። ሥጋ ለሚፈልግ ለዚያ ሁሉ አካል የሽሮ ፍትፍት ሰጠነው። ከዚያ «አወይ ኃይለኛነቱ!» ብለን ለእንግዳ እናወራለን።

ኃይለኛ አይደለም እኮ፤ አብዷል! ዘመኑን ሙሉ ታስሮ ሰው የማያወጣው ውሻ ሌባና እንግዳ አይለይም። የቤቱን ሕፃንና የወተት አመላላሹንም አይለይም። ጠባቂ ውሻ ማለት ማን የቤት ሰው፣ ማን ጎረቤት፣ ማን ባዕድ እንደሆነ የሚያውቅ ውሻ ነው። ይህን የሚያውቀው ደግሞ ከሰው ጋር ሲኖር ነው። ሰንሰለት ላይ ያደገ ውሻ የሚያውቀው ሰንሰለቱን ብቻ ነው። ሌባም ይህን ያውቃል፤ የሰንሰለቱን ርዝመት ለክቶ በሌላኛው በኩል ይገባል።

የክብር ነገር አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በአንበሶች ተከበው ይታዩ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም አንበሶችም ነበሯቸው፣ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻም ነበረቻቸው። የጥንት ጌቶቻችን ደግሞ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ኃይለ ሥላሴ «አባ ጠቅል»። ታዲያ አንድ ልዩነት አለ። ንጉሥ አንበሳ ቢይዝ ቤተ መንግሥት አለው፣ ቀላቢ አለው፣ ሥጋ አለው። ባላባቱ በፈረሱ ስም የተጠራው ፈረሱን ጦር ሜዳ ስለጋለበው ነው። የዛሬው ጌታ ግን ውሻውን በሳምንት አንድ ቀን እንኳ መንገድ ይዞት አይወጣም። ለስሙ «ሬክስ» ይለዋል፤ በላቲን ንጉሥ ማለት ነው። ሰንሰለት ላይ የታሰረ ንጉሥ! ካፋ እንኳ እንዲህ ያለ ታሪክ ስለምታውቅ ባትቀልዱባት ጥሩ ነበር። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ተማርከው በሰንሰለት ታስረው ነበር የተወሰዱት።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። ይሄኛው ነው ደሜን የሚያፈላው። የዱር እንስሳ ቤቱ የሚያስገባው።

በየመንገዱ ዳር፣ በየሆቴሉ ግቢ፣ ወገቧን በገመድ የታሰረች ጦጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ልጆች ሙዝ ይወረውሩላታል፣ ጎልማሶች ቢራ ያቀምሷታል፣ ሁሉም ይስቃል። «ማን አመጣት?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ከጫካ ተገኝታ ነው፤ እናቷ ጥላት» ይባላል። እናቷ ጥላት! ጦጣ ልጇን አትጥልም። ግልገል ጦጣ በእናቷ ሆድ ላይ ተጣብቃ ነው የምትሄደው። ግልገሏን ለመውሰድ አብዛኛውን ጊዜ እናቲቱን መግደል ያስፈልጋል። የሆቴሉ መዝናኛ የሚጀምረው ከአንድ ሬሳ ነው።

ይህም ይለፍ ብንል ግልገሏ ታድጋለች። ጥቂት ዓመታት ቆይታ ትጎለምሳለች። ጦጣ በመንጋ የምትኖር፣ በመንጋዋ ውስጥ ማን በላይ ማን በታች እንደሆነ በንክሻ የምትወስን ፍጥረት ናት። መንጋ ስትነፈግ ቤተሰቡን መንጋ ታደርገዋለች። መጀመሪያ የምትነክሰው አባወራውን አይደለም፤ ከሁሉ የሚያንሰውን ነው። የአራት ዓመቷን ልጅ! የዛን ዕለት «ፍቅሩ» ያልቃል። ወይ በዱላ ትገደላለች፣ ወይ ጫካ ትጣላለች። ጫካ ደግሞ ምግብ መፈለግ ያልተማረችውን ጦጣ አይቀበላትም። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ማለት ይሄ ነው።

ጉሬዛ የሚመኙም አሉ። አይፈረድባቸውም፤ ያንን ጥቁርና ነጭ ካባ ለብሶ ከዛፍ ዛፍ ሲወረወር ያየ ሰው ልቡ ይሰረቃል። ግልገሉማ ሲወለድ ከአናቱ እስከ ጅራቱ ነጭ ነው። ነገር ግን የጉሬዛ ሆድ እንደ በሬ ሆድ የተከፋፈለ፣ የዛፍ ቅጠል ለመፍጨት የተሠራ ሆድ ነው። ብስኩትና ስኳር፣ ዳቦና ፍትፍት ለእሱ መርዝ ነው። ያን እንስሳ በፍቅር መግደል ይቻላል። እየሳማችሁ፣ እያቀፋችሁ፣ እያበላችሁ ትገድሉታላችሁ።

ሕግስ ቢሆን? ከአዋጅ ቁጥር 541/1999 ወዲህ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ መገኘት እንደሚያስቀጣ የተጻፈ ነው። መጻፉን ግን ጦጣዋም አታነብ፣ አሳሪዋም አያነብ።

«ታዲያ ጥርኝስ?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ ይገባኛል። ካፋን ጠርቶ ጥርኝን መዝለል አይቻልም። ጥርኝ ከዱር ተይዞ በቤት የሚቀመጥ፣ ከጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ ዝባድ የሚወጣለት የሌሊት አውሬ ነው። በካፋ፣ በጅማ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ይህ የቆየ ሙያ ነው። ዝባዱ በበሬ ቀንድ ታሽጎ በሲራራ ነጋዴ ወደ ጎንደርና ወደ ምፅዋ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ይሄድ ነበር። ወደ ፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች የሚላከውም ከዚሁ ነው። ሼክስፒር እንኳ «ንጉሥ ሊር» በሚለው ተውኔቱ ውስጥ ያበደው ንጉሥ ዝባድ ሲለምን ያሳየናል። ይህን ለተማሪዎች ሳስተምር «ይሄ ዝባድ የእናንተ አገር ዕቃ ነው» ስላቸው ዓይናቸው ይበራ ነበር።

ቅርስ ነው፤ እሺ። ነገር ግን ቅርስ ስለሆነ ብቻ ከጥያቄ አያመልጥም። ጥርኝ ብቻውን የሚኖር፣ ሌሊት ጫካ ለጫካ ሲዞር የሚያድር እንስሳ ነው። በቤት ግን መዞሪያ በሌላት ጠባብ የእንጨት ቀፎ ውስጥ፣ በጭስ በሞላ ጨለማ ክፍል ዕድሜውን ይጨርሳል። በየጥቂት ቀኑ ተጨምቆ ዝባዱ ይወጣል። ከሚያዙት ብዙዎቹ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ። ቤት የለመደ ጥርኝ የሚባል የለም፤ ተስፋ የቆረጠ ጥርኝ ነው ያለው። ገበያውም ቢሆን ድሮ የነበረው አይደለም። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባድን የሽታ ምሥጢር አገኘው፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ላቦራቶሪ ጥርኝን ተክቶታል፤ ታላላቆቹ የሽቶ ቤቶችም አብዛኞቹ ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሹ አዙረዋል። ገበሬው ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ሥጋና እንቁላል እያበላ ያስቀመጠው አውሬ ዋጋ የሚወስነው ፓሪስ ነው።

ጥርኝ ሰውን እንዴት እንደሚያከስር ለማወቅ ደግሞ ካፋ ድረስ መምጣት አያስፈልግም፤ ለንደን ይበቃል። «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን የጻፈው ዳንኤል ዴፎ፣ ጸሐፊ ከመሆኑ በፊት ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1692 ከዝባድ ለመክበር አስቦ ሰባ ያህል ጥርኞች ገዛ። ገንዘቡ የራሱ አልነበረም። እኛ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንላለን፤ እሱ ሳይቸግረው ጥርኝ ተበደረ! በዚያው ዓመት ከሠረ፤ ዕዳው 17 ሺህ ፓውንድ ደረሰ። ለኪሳራው ሌላ ንግዱም፣ የጦርነቱ ዘመንም አስተዋጽኦ ነበራቸው። ጥርኞቹ ግን በዕዳ ከተያዘው ንብረት መካከል ነበሩ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይህ የከሠረ ሰው ሃያ ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1719 ለክሩሶ በደሴቱ ላይ እንስሳት ሰጠው። ምን ሰጠው? ከተሰበረው መርከብ አንድ ውሻና ሁለት ድመት፤ ከደሴቱ ወሬ የሚያጫውተው አንድ በቀቀን፣ ባሩዱ ማለቅ ሲጀምር ደግሞ ወተትና ሥጋ የሚሆኑት ፍየሎች። እያንዳንዱ እንስሳ ከጎጆው ፍላጎት ጋር የተመዘነ ነው። ድመቶቹ እንኳ ያለልክ ሲራቡ ክሩሶ መከራውን አይቶ ሊገድላቸው ይገደዳል። ማምከን የሌለበት ቤት መጨረሻው ይሄ መሆኑን ዴፎ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አውቆታል። የራሱን ቤት መምረጥ ያልቻለው ሰው ለገጸ ባሕሪው በትክክል መረጠለት። እኛ ከመጽሐፉ ብንማር ምን አለ?

በዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣ አንድ ተቃውሞ አለ። «ሰው በሚራብበት አገር ስለ ውሻና ስለ ጦጣ ታወራለህ?» የሚል። በጣም የሞራል ሰው የሚያስመስል ንግግር ነው። መልሴ ግን አጭር ነው። ስለ ሰው ነው የማወራው።

ያቺን «ለውሻ?» የምትለዋን ቃል አሁን መልሱልኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሚሞቱበት ይገምታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት አርባ በመቶዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ውሻ ያቅፋል፤ ልጅ ይሮጣል፤ ልጅ መነከሱን አባቱ እንዳይቆጣው ይደብቃል። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ እየተጓዘ አንጎል እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስድበታል። ያ ጊዜ ሕይወት ማዳኛ ጊዜ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ፣ ቀጥሎ ወደ ጤና ተቋም ሮጦ መከተብ። እኛ ግን ያንን ጊዜ የሥር መድኃኒት ፍለጋ እናባክነዋለን። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ጠበሉ መርፌውን አልከለከለም። መርፌውን ወስዶ ይሂድ!

እንግዲህ «ውሻዬ የግሌ ጉዳይ ነው፤ ማንን ምን አገባው?» የሚሉኝ ይህን ያስቡ። ንክሻ አጥር አያውቅም። ያልተከተበ ውሻህ የአንተ ውሻ አይደለም፤ የቀበሌው ሁሉ ዕዳ ነው። ከአንድ አካባቢ ውሾች ሰባ በመቶው ከተከተቡ በሽታው መንገድ አጥቶ ይጠፋል። ዓለም በ2030 በውሻ ንክሻ የሚመጣን የእብድ ውሻ በሽታ ሞት ዜሮ አደርጋለሁ ብሎ ቃል የገባው ይህንን ተማምኖ ነው። እኛ ግን ከክትባቱ ይልቅ መርዙን መረጥን። ውሻ በዛ ሲባል ሥጋ ውስጥ መርዝ ተደርጎ በሌሊት ይበተናል፤ ጠዋት መንገዱ በሬሳ ይሞላል። ከስድስት ወር በኋላ ውሾቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ለምን? ምክንያቱም የሚወልዳቸው ጎዳናው ሳይሆን እኛ ነን።

አዎ፣ እኛ! ቤት ያለች ውሻ ስድስት ስትወልድ ወንዶቹን ጎረቤት ይከፋፈላቸዋል። ሴቶቹን ማን ይወስዳል? በካርቶን ተጠቅልለው ወንዝ ዳር ይጣላሉ። ከሞት የተረፈችው አድጋ መንገድ ላይ ትወልዳለች። ከዚያ እኛው ራሳችን «ይሄ ማዘጋጃ ቤት የት ሄዷል? ውሻ ፈጀን እኮ!» እያልን እንጮኻለን። የጎዳና ውሻ ማለት ያልተመረጠ ምርጫችን ነው። አምጥተን የጣልነው፣ ወልደን የካድነው።

ነገሩ ከሰውም ያልፋል። ባሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ከገጠር ውሾች የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላዩን ጨርሷል። በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው፤ ሁሉም እኛ አገር! በ1994 ደግሞ ታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ውስጥ ዲስቴምፐር የሚባል የውሻ በሽታ የአንበሳውን ሲሶ ያህል ገድሏል። የካፋ ጫካ አንበሳ አለው፤ ጫካው ዳር ደግሞ ያልተከተቡ ውሾች አሉ። አንዱን ከአንዱ የሚለያቸው ምንድነው? የአባባ የበቆሎ ማሳ። ሽማግሌው በምርጫቸው ልክ ናቸው፤ በክትባቱ ግን ተሳስተዋል። ስህተታቸው ግን የእሳቸው ብቻ አይደለም። ክትባቱን ማሳቸው ድረስ ይዞ የሚመጣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መኖር ነበረበት። ለቡናው ስንት ሠራተኛ ይመጣል፤ ለማሩ ይመጣል፤ ለውሻው ግን ማን ይመጣል?

በሉ እንግዲህ፣ ተቺ ብቻ ነው እንዳትሉኝ፣ ቤት በቤት እየገባሁ የሚመስለኝን ልናገር።

ተከራይ ከሆንክ ወይም ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር ከሆነ ውሻን እርሳው። ድመት ያዝ፤ አምክነህና አስከትበህ። አይጥ ይጠፋልሃል፣ ጎረቤት አይጮኽብህም፣ አንተ ሥራ ስትውል እሷ ተኝታ ትውላለች። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም» ይባላል። አመሏ ማደን ነው፤ ይህን አውቀህ ያዛት። አከራይህ እሺ የሚል መሆኑን ግን ድመቷን ይዘህ ከመምጣትህ በፊት ጠይቅ፤ ካመጣሃት በኋላ የምትጣለው እሷ ናት።

ግቢ ካለህ፣ ቀንም የሚውልበት ሰው ካለ፣ አንድ የሀበሻ ውሻ በቂህ ነው። ሴቷን ውሰድ፤ አስመክናት። ሴት ውሻ አትጠብቅም ያለህ ማነው? በዓመት በዓመቱ አስከትባት፤ ዝናብ የማይነካው ማደሪያ ሥራላት፤ አትሰራት። ኦርቶዶክስም ሁን እስላም፣ የአባቶቻችን ልማድ ውሻን ከመኝታ ቤት አርቆ በደጅ ያኖረዋል። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ ቦታ ማወቅ ነው። ጭካኔ የሚሆነው ደጁ ሰንሰለት ሲሆን ነው።

ገና የሚድህ ሕፃን ያለበት ቤት ይቆይ። ልጁ ጅራት መጎተት ጥፋት መሆኑን እስኪያውቅ መጠበቅ ምን ይጎዳል? «ለልደቱ ቡችላ ገዛንለት» የምትሉ ወላጆችማ አስቡት። ውሻ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ይኖራል። አንድ የምክር ቤት ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ ቡችላው ሁለት ምርጫ አሳልፎ ሦስተኛውን ይጠብቃል። የልደት ሻማ ግን በአንድ ትንፋሽ ይጠፋል።

ካፋ ላይ ቦታ ያለው ሰውማ ምን ቸገረው? የቦንጋ በግ አለ፤ ቀንድ የለውም፣ ጅራቱ ሰፊና ረጅም ነው፣ ገራም ነው፣ መንታ መውለድ ያውቅበታል። ገበሬዎች ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ምርጥ አውራዎችን በጋራ እየመረጡ የሚያሻሽሉት ዝርያ ነው። መምረጥ ማለት እንዲህ ነው! ቁጭ ብሎ፣ መዝኖ፣ ተመካክሮ። ንብም አለ። ንብ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሠራተኛ ነው፤ ማንም እንዲያጫውተው አይፈልግም፤ ጫካው እስካለ ድረስ ራሱን ይቀልባል። እንስሳ ወዳድ ነኝ የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ከታሰረ ውሻ ይልቅ ሁለት ቀፎ ይሻለዋል።

ጦጣ፣ ጉሬዛ፣ የነብር ግልገል፣ የሚዳቋ ልጅ ለሚመኝ ሁሉ ግን ምክሬ አንድ ነው። የሚስማማ ቤት የለህም። ቪላም ይኑርህ፣ ሆቴልም ይኑርህ፣ የለህም። ቤታቸው እዚያው ነው። ቦንጋ ላይ ጠዋት በጊዜ ከተነሳህ ጉሬዛው በነፃ ይታይልሃል። አይታሰር፣ አይቀለብ፣ አይታመምብህ። ከዚህ የበለጠ ምን ባለቤትነት ትፈልጋለህ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር አንድ ዓይነት ቤት አለ። ማንም የማይውልበት፣ ግቢ የሌለው፣ ደመወዙ ከወር ወር የማይደርስ፣ የአብዛኞቻችን ቤት። ለዚያ ቤት የሚስማማው እንስሳ የትኛው ነው? ምንም። ምንም ማለትም ምርጫ ነው፤ እንዲያውም ከሁሉ የከበረው ምርጫ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ውሻ የሌለው ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ በሩ ላይ የደረቀች አጥንት ይዞ ለጎረቤቱ ውሻ ቢሰጥ፣ ማንም ያላስከተባትን የመንደሩን ውሻ ከጎረቤቶቹ ጋር አዋጥቶ ቢያስከትባት፣ ጦጣ አስሮ ገንዘብ የሚሰበስብ ሆቴል ቁርሱን ባይበላ፣ ከባለ ሰንሰለቱ ሁሉ ይልቅ እንስሳ ወዳድ እሱ ነው።

መውደድማ ሁሉም ይወዳል። ጅብም ውሻ ይወዳል።

ቸር እንሰንብት!